የሑዳዴ ሥራ

ቱሉ ዲምቱ፣ ብሎክ ሃያ ሦስት፣ ከሥር ያለችው ሱቅ
የኔ ልኳንዳ ናት፤ ሑዳዴ ሲገባ እንደኔው የምትደርቅ።
ነጭ ጋዋኔን አጥቤ ሰቀልኩት፣
ቢላዬን ዘይት ቀብቼ ጠቀለልኩት።
ሜንጦው ባዶውን ተንጠልጥሎ
ነፋስ ሲነካው ይንቋቋል፣ "ሥራ የለም ወይ?" ብሎ።

ሃምሳ አምስት ቀን።
ሰው ሃምሳ አምስት ቀን ምን ይሠራል?
ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካዩ ካርታ ይጫወታል፤
ባለቤቴ ስንዱ ትጾማለች፣ ትሰግዳለች፣
እኔን ስታይ "እጅህ ሥራ ይፈልጋል" ትላለች።
እውነቷን ነው። እጄ በሕልሜ ይቆርጣል፣
ሌሊት አንሶላ ይዘነጥላል።

አሮጌ ባንኮኒ ነበረኝ፣ ዋንዛ፣ አራት ጣት ውፍረቱ፣
ስንቱን በሬ አስተናግዶ ጨው የጠገበ ደረቱ።
የአጥንቱን መጋዝ ሞረድኩና ጀመርኩት በሱ፤
እንጨት አጥንት አይደለም፣ ረገፈ ጥርሱ።
ከአናጢው ከወልደሰንበት መጋዝ፣ መሮ፣ ሞረድ ተዋስኩኝ።
"ምን ልትሠራ ነው?" አለ። "ጊታር" ስለው ሳቀብኝ።
"የሚሰካው?"
"የሚሰካው።" ራሱን ነቀነቀ፤
ሞርሳውንም ጨመረልኝ፣ ሳልጠይቀው፣ እየሳቀ።

ድሮ ለአንድ የምሽት ክበብ ሥጋ አደርስ ነበር፣ በጓሮ በር።
ወጥ ቤቱ ውስጥ ቆሜ ሒሳቤን ስቆጥር
ከግንቡ ማዶ አንድ ድምፅ ይመጣል፣ ቀጭን፣ እንደ ሽቦ፣
በሽንኩርት ሽታ፣ በሳህን ኳኳታ መሃል ቀርቦ።
ማን እንደሚመታው አላየሁም። ብሬን ቆጥሬ ወጣሁ።
ሃያ ሁለት ዓመቴ፤ ከዚያ ወጥ ቤት ግን አልወጣሁ።

እንጨትም እንደ ሥጋ ነው፤ መስመሩን ካላወቁ
በጎን ይሰነጠቃል፣ ቢጠነቀቁ ባይጠነቀቁ።
በመሮ ስፈለፍለው ከሆዱ አሮጌ ጨው ወጣ፤
ከንፈሬን ሲነካው ተፋሁት። ማን ያውቃል፣ ጨው ብቻውን አይመጣ።
አንገቱ ቀረሮ ነው፣ ከአማቼ አልጋ የተረፈ፤
ስድስት ብርጭቆ ወረቀት ጨርሶ፣ በሰባተኛው ተሸነፈ።

ነሐሱ የት የት እንደሚገባ ራዲዮ ጠጋኙን ሙዘይንን ጠየቅኩት።
"ርዝመቱን ለአሥራ ስምንት አካፍል" አለኝ። አካፈልኩት።
"የቀረውንም ለአሥራ ስምንት። እንደገና። እንደገና።"
እኔ የማውቀው ቅርጫ ነው፤ መደቡ ሁሉ እኩል፣ በጤና።
ይኼ ግን ሲወርድ ሲወርድ ያንሳል፤ የመጨረሻው ባለ ዕጣ
ጣት የማታስገባ መደብ ይዞ ይሄዳል፣ ሳይቆጣ።

ማግኔቱ ከተቀደደ ስፒከር፣ ሽቦው ከፀጉር የቀጠነ።
"ስድስት ሺ ዙር" አለ ሙዘይን። ወኔዬ እንደ ጉም በነነ።
ስቅለት ዕለት ስንዱ ስትሰግድ ዋለች፤
እኔ ሱቁን ዘግቼ ስጠመጥም፣
አራት ሺ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ላይ ሽቦዋ ተበጠሰች።
ማታ ጉልበቷን እያሸች ገባች። "ስንት ሰገድሽ?" አልኳት።
"አይቆጠርም" አለች፣ "አንተስ?" ቁጥሬን ነገርኳት።
ትንሽ ዝም አለችና፣ "ጫማዬን ላውልቅና እመጣለሁ፤
ከአንድ ጀምር" አለች፣ "እኔ እቆጥራለሁ።"

ቅዳም ሹር ማታ ሰካነው። መብራት ሄደ።
ከገላን እስከ ቂሊንጦ ጨለማ፤
አራተኛ ፎቅ የሚያፏጭ ልጅ ብቻ ነው የሚሰማ።
እንጨቱን አገጬ ላይ አስደግፌ በጥርሴ ያዝኩ፣
ወፍራሙን ክር መታሁት።
በአጥንቴ ሰማሁት። ዝም አልኩ።
ቀጭን አልነበረም። እንደዚያኛው አላለቀሰም።
ሦስተኛው ክር ተዛብቷል፣ አምስተኛው መደብ ላይ ጨርሶ አይደርስም።
ስንዱ "እስቲ አምጣው" ብላ ጆሮዋን ለጠፈች፤
ምን እንደሰማች እስከ ዛሬ አልነገረችኝም፤
ሻማውን ይዛ ወደ ጓዳ አለፈች።

በፋሲካ ንጋት ሰልፉ ከበሬ እስከ ባጃጅ ተራ።
መብራቱ አልመጣም። ጋዋኔ ነጭ፣ እጄ የቀድሞውን ሲሠራ።
ቦታ ስላጣሁለት ጊታሩን ከሽንጡ አጠገብ ሜንጦ ላይ ሰቅዬዋለሁ።
"ይኼስ፣ ኪሎው ስንት ነው?" አሉ አንድ ሽማግሌ።
"እሱ አጥንት ነው" እላለሁ።
ጎድኑን በመጥረቢያ ስመታው ከላይ ክሮቹ ድዝ አሉ።
ሽማግሌው ፌስታላቸውን ረስተው፣
"ድገመው እስቲ" አሉ።